ጥማድ

ምንይሉ ከብስክሌቱ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። ሰርካለም ሮጣ መሪውን ባትይዝለት ኖሮ እሱም ብስክሌቱም አንድ ላይ መንገዱ ላይ በተዘረሩ ነበር።

"ሂድ! እንዳትቆም!" ብለው ጮኹ አሠልጣኙ፣ የሩጫ ሰዓታቸውን ጨብጠው። "እርምጃህን አታስረዝመው! አጠር፣ ፈጠን! እግሩ ራሱ ይመጣል፤ አንተ ብቻ አትለምነው!"

ምንይሉ ሄልሜቱን አውልቆ ወረወረና ሩጫ ጀመረ፤ ሩጫ ከተባለ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ከጓሳ ተራራ የወረደበት ቁልቁለት ጭኑን አድርቆታል፣ የጥቅምት ውርጭ ጣቶቹን አቆርፍዶታል። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ። ከመንገዱ ዳር ከተከመረው የገብስ ነዶ አጠገብ ሲደርስ ጭኑን በቡጢ መታው። ሰርካለም ፊቷን አዞረች። ባሏ የገዛ አካሉን እንደ ሰነፍ በሬ ሲመታ ማየት አትወድም።

"ዛሬም ያው ነው" አሉ አሠልጣኙ ለራሳቸው።

አሠልጣኝ አትናቴዎስ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የስፖርት መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ብስክሌት ይጋልቡ ነበር። ብስክሌቱን ለባልና ሚስቱ ያመጡላቸው እሳቸው ናቸው፤ ያለው አንድ ብቻ በመሆኑ በየተራ ይጋልቡታል። የሚዘጋጁበት ውድድር መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሙሉ ማራቶን ነው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ያለ ዕረፍት። ዋናውን ላንጋኖ ወርደው ተምረዋል፤ ሁለቱም እንዳይሰምጡ ያህል እንጂ የሚደነቅ ዋና የላቸውም። ስለዚህ አሠልጣኙ ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት ከብስክሌት ወርዶ መሮጥ ላይ ነው። ልምምዱን "ጥማድ" ይሉታል።

"ብስክሌቱ አንዱ በሬ ነው፣ ሩጫው ሌላው" ይላሉ። "ለየብቻቸው ቢሰቡ ምን ዋጋ አለው? አብረው መጎተት ካልለመዱ ማሳው መሐል ነው የሚያዋርዱህ።"

ባለፈው ሳምንት ከባሕር ማዶ ግብዣ መጣ። ግብዣው ለአንድ ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላሉም፤ አንድ ሰው ብቻ። በደህና የጨረሰ እንደሆነ እዚያው ካለ ቡድን ጋር እየኖረ ይሠለጥናል። አሠልጣኙም ባልና ሚስቱን ቁጭ አድርገው ነገሩን በግልጽ ነገሯቸው።

"ማን ከማን ይፈጥናል አይደለም የምለው። ሁለታችሁም ሳትደክሙ የምትሮጡበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። ከብስክሌት ስትወርዱ ከዚያ ላይ ስንት ደቂቃ እንደምትጥሉ ነው የማየው። ትንሽ የጣለ ይሄዳል። ደግሞም ለየብቻ ነው የምትፈተኑት። አንቺ ሰርካለም፣ ለብቻሽ ስትሮጪ ሌላ ሰው ነሽ፣ ከእሱ ጋር ስትሮጪ ሌላ።"

ይህን ሲሉ ምንይሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ፈተናው ዛሬ ነው። አሁን እሱ በሩጫ እስከ ሁለተኛው ድልድይ ሄዶ እስኪመለስ ሰርካለም ብስክሌቱን ከአጥር አስደግፋ ከአማቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወይዘሮ ጌታነሽ ከማለዳው ጀምሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ለልጃቸው በሶ በጠርሙስ በጥብጠው ይዘው፣ ጥቁር የበግ ጸጉር እየፈተሉ ነበር። እንዝርታቸው አያርፍም። ገበያ ሲሄዱም፣ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡም ይፈትላሉ፤ ቀሚሳቸው ላይ ሁልጊዜ የጸጉር ብናኝ አይጠፋም።

"አየሽው?" አሉ።

"አየሁት፣ እማማ።"

"ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ አይደል? ማለዳም እህል አልቀመሰም።"

"ፈርቶ ነው።"

"ይፍራ እንጂ። እንዴት አይፈራ?" እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሳብ አድርገው ለቀቁት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰርካለም፣ እኔ ፊደል ባልቆጥር ዓይን አለኝ። ባለፈው እሑድ ድልድዩ ጋ የጫማሽን ማሰሪያ ልታስሪ ጎንበስ አላልሽም? ማሰሪያው ግን አልተፈታም ነበር።"

ሰርካለም ቁልቁል ጫማዋን አየች።

"እኔ ለወቀሳ አይደለም የማነሳው። ተባረኪ ነው የምልሽ። ባሏን በሰው ፊት የማታዋርድ ሴት ዛሬ የት ትገኛለች? ዛሬም እንደ ወትሮሽ ሁኚ።"

"አሠልጣኙ ጠርጥረዋል፣ እማማ። ለየብቻ ያደረጉን ለዚህ ነው።"

"እሳቸው ይጠርጥሩ! ትዳሩ የናንተ ነው።" አማቷ ዙሪያውን ቃኘት አደረጉ። አሠልጣኙ ራቅ ብለው መንገዱን ያያሉ። "አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ቤት ትይዣለሽ። እሱ ይኼ ካመለጠው ምን ቀረው? ከክለቡ ተባሮ ሲመጣ ስንት ወር ከቤት እንዳልወጣ ረሳሽው? አንቺ አይሮፕላን ላይ ስትወጪ እሱ እዚህ ባጃጁን ይዞ የከተማው መጠቋቆሚያ ሆኖ ሊቀር? 'ሚስቱ የጣለችው' ሊባል?"

"አልረሳሁም።"

"እኮ! እንግዲያው ቃልሽን ስጪኝ።"

ሰርካለም ወደ ጓሳ ተራራ አየች። ጉሙ ከአናቱ አልተነሳም።

"እሺ፣ እማማ" አለች።

አማቷ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙት።

ሰርካለም የዘመሮ ከተማ ልጅ ናት። ከምንይሉ ጋር የተገናኙት ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ክለብ ሲሮጡ ነው፤ እሱ ዐሥር ሺ፣ እሷ አምስት ሺ። ሲጋቡ አንዳቸው ሩጫውን ትቶ ቤት እንዲይዝ ተስማሙ። የትኛው እንደሚተው አልተከራከሩበትም። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እሷ ተወች። በዓመቱ ክለቡ ምንይሉን ቀነሰው። መሐል ሜዳ ተመልሶ ባጃጅ መንዳት ሲጀምር እሷ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ሊጥ ታቦካ ነበር።

አሠልጣኝ አትናቴዎስ በመጀመሪያ የመረጡት እሱን ነበር። ሰርካለም የመጣችው ውኃ ልታቀብል ነው። ከብስክሌት ሲወርድ እግሩ አልታዘዝ እያለው፣ መሐል መንገድ ላይ እየቆመ ሲያለቅስ ስታይ ግን ጋቢዋን ጥላ ከጎኑ መሮጥ ጀመረች። "በርታ፣ እኔን ብቻ እይ፣ እግርህን አትይ" እያለች ከጎኑ ስትሮጥ ጉልበቱ መለስ ይልለት ነበር። አንድ ቀን አሠልጣኙ "አንቺም እስቲ ውጪበት" አሏት። ከብስክሌቱ ስትወርድ እንደማንኛውም ሰው እግሯ እንጨት ሆነ። ጥቂት እንደሄደች ግን አንድ ነገር ወገቧ ውስጥ ፈታ አለ፣ እግሮቿም ምንም እንዳልሠሩ ሆኑላት። ባሏን አልፋ መሄዷን ያወቀችው ዞር ስትል ነው።

በዚያ ቀን አሠልጣኙ ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ ደጋግመው አዩዋት። ምንይሉ ማታ ራቱን አልበላም። "አሞኛል" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሰርካለም ሩጫዋን መያዝ ተማረች። አንዳንዴ ጎኗን ትይዛለች፣ አንዳንዴ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ ትላለች። ከመሮጥ ይልቅ አለመሮጥ እንደሚያደክም ማንም አያውቅላትም ነበር፤ ለካ አማቷ ያውቃሉ።

ምንይሉ ከድልድዩ ሲመለስ ቅድም ሲነሳ የነበረውን ሰው አይመስልም ነበር። ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ መጨረሻው ላይ እየፈጠነ ገባ። አሠልጣኙ ሰዓታቸውን አዩና ቅንድባቸውን አነሱ።

"እስከ ዛሬ ካደረግኸው ሁሉ ይሻላል። መጀመሪያው ላይ ብዙ ጣልክ እንጂ ኋላማ መለስከው። ጎበዝ!"

ምንይሉ መሬት ላይ ተዘርሮ ሳቀ። እናቱ በሶውን አቀበሉት፣ ግንባሩን በነጠላቸው ጠረጉለት። ሰርካለምም ሳቀች፤ ከልቧ ነው። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜው!

"እንግዲህ ተራው የአንቺ ነው" አሏት አሠልጣኙ። "ኮርቻውን ዝቅ አድርጊ።"

"እኔ አደርግላታለሁ" አለ ምንይሉ ብድግ ብሎ። "አንቺ ጫማሽን ቀይሪ። ጎማውንም ልይልሽ፤ እዚያ ላይ ጠጠሩ ክፉ ነው።"

ኮርቻውን አወረደላት። መንፊያውን አምጥቶ በፊተኛው ጎማ አጠገብ ተንበረከከ። ሰርካለም ፀጉሯን እያሰረች ጀርባውን ታየው ነበር። ላቡ ገና አልደረቀም፤ ከሸሚዙ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ሲጨርስ አየር የሚገባበትን የቫልቩን ክዳን አጥብቆ ዘጋና ብስክሌቱን እስክትወጣ ይዞላት ቆመ።

"ሰርኬ" አላት ቀስ ብሎ።

"ወይ።"

ዓይኗን አላያትም። "ቁልቁለቱ ላይ ንፋስ አለ። አትቸኩዪ።"

"እሺ፣ አልቸኩልም።"

ሁለቱም ስለ ንፋሱ ብቻ እንዳልተነጋገሩ ያውቃሉ። ቢያንስ እሷ እንደዚያ መስሏት ነበር።

ዳገቱን ስትወጣ ፀሐይ ጀርባዋን አሞቃት። በየማሳው ሰው ገብስ ያጭዳል። ከአጫጆቹ አንዷ ቀና ብላ "አይዞሽ፣ የኛ ቆንጆ!" አለቻት፤ ሌላዋ ስለ ጠባቡ ቁምጣዋ የሆነ ነገር ተናግራ ሁሉም ተሳሳቁ። ሰርካለም ለምዳዋለች። ከማሳዎቹ በላይ ቤቱ እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ የጓሳው ሣር ብቻ ቀረ፤ ቢጫ፣ ጎፈሬ የመሰለ፣ ንፋስ የሚያስተኛው ሣር፤ በየመሐሉ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ሥር እየነቀሉ ቀና ብለው አዩዋትና ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ።

እየጋለበች ነገሩን በልቧ ጨረሰችው። ከብስክሌቱ ወርዳ መጀመሪያውን በደህና ትሮጣለች፣ አሠልጣኙ እንዳይጠረጥሩ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጎኗን ትይዛለች። ስትመለስ ትራመዳለች። ይሂድ። እሱ ከሄደ በኋላ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሊጥ ስታቦካ ምን እንደምታስብ ሊመጣባት ሲል መለሰችው። በምትኩ ሌላ ነገር አሰበች። ደብረ ብርሃን የመጀመሪያ ውድድሯን ሮጣ ጥፍሯ የተነቀለ ቀን፣ ገና ሳይጋቡ፣ ምንይሉ ከጎረቤት ሳፋ ለምኖ በጨው ውኃ እግሯን አጥቦላት ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር። ለዚያ ሰው ብታደርገው ምን አለበት?

እንዲህ ስትል ልቧ ቀለል አላት። ከጓሳው ሣር ጠባቂዎች ጎጆ ደርሳ ዞረች፣ ማርሽ ቀየረች፣ ቁልቁለቱን ጀመረች።

መሪው ከበዳት። መጀመሪያ ንፋሱ መሰላት። ቀጥሎ መንገዱ ነው አለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግን የፊተኛው ጎማ ወደምትፈልገው መዞር ትቶ እንደ እባብ ተጥመለመለ፤ ፍሬን ያዘች፤ ብስክሌቱ ከሥሯ ሸሸ። በክንዷና በዳሌዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ ሄዳ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች።

ትንሽ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ የፈረስ ኮቴ ሰማች።

"እመ ብርሃን! ልጄ! ተረፍሽ?" በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ከፈረሳቸው እየወረዱ ነበር።

"ደህና ነኝ፣ አባባ።"

"ደህና ምን ትያለሽ፣ እየደማሽ! ደግሞ ከዚህ ወዲያ ያለውን አይተሽዋል?"

አየችው። ከእግሯ ማዶ ሣሩ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ጉም ብቻ ነበር። ጉሙ ውስጥ የሆነ ቦታ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ወደ መሐል መንገዱ መለሷት፤ ብስክሌቱንም አንስተው አቆሙላት።

"ምን ነካው?"

"ጎማው ተነፈሰ።"

"እሾህ ነዋ።"

ሰርካለም ጎማውን እያዞረች በመዳፏ ዳሰሰችው። እሾህ የለም። ሚስማር የለም። ቅድ የለም። የቫልቩን ክዳን ልትፈታ ስትል እምቢ አላት፤ በጣም ጠብቋል። ደም ያረጠበውን እጇን በቁምጣዋ ጠርጋ እንደገና ሞከረችና ፈታችው። ከክዳኑ ሥር ያለችው ትንሿ ብሎን እስከ ጫፏ ተፈትታ ነበር።

ረስቶት ይሆናል አለች በመጀመሪያ። ደክሞት ነበር፣ ማንም ሰው ይረሳል።

ነገር ግን ስለዚያች ብሎን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። አንድ ቀን ቤታቸው በር ላይ ብስክሌቱን ገልብጠው ሲያጥቡ ጣቷን ይዞ ቫልቩ ላይ አሳርፎ፣ "ይቺን ሳትዘጊ ክዳኑን ብታጠብቂበት፣ ክዳኑ ራሱ እየተጫናት ቀስ እያለ ያስተነፍሰዋል። ስትነሺ አታውቂውም፤ ቁልቁለት ላይ ነው የምታውቂው" ብሏት ነበር። ራሱ ሲነሳ ደግሞ ያቺን ብሎን ደጋግሞ ካልነካ አይወጣም፤ አሠልጣኙ እንኳ "ምንይሉ ብሎኑን ካልተሳለመ አይጋልብም" ብለው ይቀልዱበታል። ሰው ያን ያህል የሚጠነቀቅለትን ነገር ለሚስቱ ሲሆን ይረሳዋል?

"ይኼን ነገር የሚያይልሽ ሰው የለም እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። "ባል የለሽም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ?"

"ባሌ ነው የነፋልኝ።"

"እንግዲያ በደንብ አልነፋውማ።"

"በደንብ ነው የነፋው" አለች ሰርካለም።

ለመንገድ የምትያዘውን ትንሿን መንፊያ ከብስክሌቱ አጥንት ላይ አውጥታ መንፋት ጀመረች። የቆሰለው ክንዷ አልታዘዝ ስላላት ሽማግሌው ተቀበሏትና እያለከለኩ ነፉላት። ብሎኗን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች። ጎማው እንደ ድሮው አልጠነከረም፤ ይሁን።

"ወደ ኋላ ተመለሺና እቤቴ ዕረፊ፤ ቅርብ ነው።"

"አልችልም፣ አባባ። ይጠብቁኛል። እግዜር ይስጥልኝ።"

"በእርጋታ ውረጂ እንግዲህ።"

በእርጋታ ወረደች። መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ተመላልሶ ይመጣባት ነበር፤ ልትሰጠው እኮ ነበር። በሁለት እጇ ይዛ፣ ደስ ብሏት፣ ማንም ሳያውቅባት ልትሰጠው እየሄደች ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየድልድዩ ጎንበስ ስትል ምን የምታደርግ መስሎት ነበር? ምናልባት ያውቅ ይሆናል። ማወቁ ይሆናል ያቃጠለው። ቁልቁለቱን ሲያስብ፣ ያን መታጠፊያ ሲያስብ፣ እዚያ ሊሆን የሚችለውን አስቦ ይሆን? ወይስ "ትንሽ ትዘገያለች፣ ትደክማለች" ብሎ ከዚያ በላይ አላሰበም? የትኛው እንደሚሻል አላወቀችም።

ከተማው ጫፍ ስትደርስ ሦስቱም ቆመው ይጠብቋት ነበር። አማቷ ደሟን ሲያዩ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። አሠልጣኙ "ምን ሆንሽ?" ብለው ወደ እሷ ሮጡ። ምንይሉም ሮጠ፤ ዓይኑ ግን መጀመሪያ ያረፈው የፊተኛው ጎማ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ክንዷን ያየው። ሰርካለም ይህን አየች።

"ወደቅሁ" አለችና ወረደች።

"ተዪው!" አሉ አሠልጣኙ። "ፈተናው ይቅር፣ ሌላ ቀን..."

"ሰዓትዎን ይያዙ፣ ጋሼ።"

ምንይሉ ብስክሌቱን ተቀበላት። ፊቱ አመድ መስሏል። "ሰርኬ፣ ይቅርብሽ፣ እየደማሽ እኮ ነው" አላት። ድምፁ የእውነት ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን አልፋው ሄዳለች።

እግሯ እንጨት ነው። ሁልጊዜም እንጨት ነው። ዳሌዋ በየእርምጃው እንደ ቢላ ይወጋታል። አጠር፣ ፈጠን፤ እግሩ ራሱ ይመጣል። የገብሱን ክምር አለፈች። የከተማው ሰው ከየበሩ ወጥቶ ያያታል፤ አንድ ባጃጅ ከጎኗ ዝግ ብሎ ሹፌሩ "እመቤቲቱ፣ ሰው መታሽ እንዴ?" አላት። መልስ አልሰጠችውም። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ወዲያ ያ ነገር ወገቧ ውስጥ ፈታ አለ።

ዛሬ ልትይዘው አልሞከረችም። ለቀቀችው።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ የምትልበትን ድንጋይ አየችው፤ አልቆመችም። ዞረች። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ሆነች፣ ንፋሱ ከፊት መጣ፣ ክንዷ ላይ ያለው ደም ደርቆ ቆዳዋን ይጨመድደዋል፤ ሆኖም በሕይወቷ እንዲህ ሮጣ አታውቅም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እንዲህ ያለ ሩጫ ስንት ዓመት ተመኝታለች! ግን የሚገፋት ደስታ አልነበረም፣ የሚገፋትንም ነገር ስሙን ልትጠራው አልፈለገችም።

ስትገባ አሠልጣኙ ሰዓታቸውን አቁመው አዩት። እንደገና አዩት። ከዚያ ወደ ኪሳቸው ከተቱት።

"ምንም አልጣልሽም" አሉ። "ወድቀሽ፣ ቆስለሽ፣ ምንም አልጣልሽም።" የስፖርት ሰው ናቸውና ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ምንይሉን አይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰርካለም ትሄዳለች።"

ወይዘሮ ጌታነሽ ፈትላቸውን ጠቅልለው ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱ። ሰርካለምን አላዩዋትም። "ቃል እኮ ሰጥተሽኝ ነበር" አሉ፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ። ከዚያ ባዶውን የበሶ ጠርሙስ ይዘው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ሰርካለም ልትከተላቸውና ክንዷን ልታሳያቸው፣ ልትነግራቸው ፈለገች። ስለ ልጃቸው እንዴት ብላ?

"እንኳን ደስ አለሽ" አለ ምንይሉ። እጁን ዘረጋላት፣ ደግሞ ምን እንደሚያደርግበት ያልገባው ይመስል መልሶ አወረደው።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አለችው።

አሠልጣኙ ብስክሌቱ ጋ ጎንበስ ብለው ጎማውን ይጫኑ ነበር። "ምን አግኝቶሽ ነው ግን? ይኼ አልተበሳም።"

ምንይሉ ከንፈሩን ላሰ።

"መንገዱ አንቀጥቅጦት ይሆናል" አለ በመጨረሻ። "ብሎኗ እኮ አንዳንዴ..."

ብሎን ማለቱን ሰርካለም ሰማች። ስለ ብሎን የተናገረ ሰው አልነበረም። እሱም ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሰማው፤ አንገቱ ቀላ፣ ዓይኑን ወደ እሷ አነሳ። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አያት። ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበር።

"መንገዱ ነው፣ ጋሼ" አለች ሰርካለም። "ጠጠሩ ክፉ ነው።"

አሠልጣኙ ከጎነበሱበት ቀና ብለው አንዴ እሷን፣ አንዴ ባሏን አዩ። "ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታጠቢው" አሏት። "ለጉዞው የቀረሽ ጊዜ አጭር ነው። ነገ ዕረፊ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጥማዱን በየሁለት ቀኑ ነው የምንሠራው።"

"እሺ።"

ምንይሉ ዕቃውን ሰበሰበ፤ ጫማዋን፣ ሹራቧን፣ መንፊያውን። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ በቀስታ፣ ቁስሏን ሳይነካ አለበሳት። ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ ቤት ሊገፋው የብስክሌቱን መሪ ያዘ። ብስክሌቱ የሚያድረው መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ግርጌ ነው፤ ውርጩ እንዳያገኘው ምንይሉ ራሱ ያዘጋጀለት ቦታ ነው።

ሰርካለም እጇን ኮርቻው ላይ አኖረች። ብስክሌቱ ቆመ።

"ጋሼ" አለች፣ ባሏን ሳታይ።

"አቤት።"

"ብስክሌቱ እስክሄድ ድረስ እርስዎ ቤት ይደር።"

ምንይሉ መሪውን እንደያዘ ቆየ። በአጠገባቸው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በጎቻቸውን እየነዱ አለፉ፤ አንዱ "እንዴት ዋላችሁ?" አላቸው፣ ሰርካለምም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ መለሰች። እጇን ግን ከኮርቻው አላነሳችም። ከዚያ የምንይሉ ጣቶች አንድ በአንድ ከመሪው ላይ ተፈቱ።